ፌንጣዋን ስንት ሰው ሣላት? የቆዩ የእንስሳት ተረት ኅትመቶችን ስለመሰብሰብ

ይህ ጽሑፍ ፓሪስ ውስጥ ለሀገር ልጆች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። የንግግሩ ለዛ እንዳይጠፋ ብዙም አልነካካሁትም። የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አንዳንዶቻችሁ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋኋቸውን ወረቀቶች በሩቁ ስታዩ ነበር። ቀረብ በሉ፤ መንካት ይቻላል። እጃችሁ ንጹሕና ደረቅ ከሆነ ጓንት አያስፈልግም። ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፣ ወረቀት የሚቀደደውም ያኔ ነው።

የቆየ ኅትመት እሰበስባለሁ ስል የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም «ስንት ያወጣል?» ነው። እመጣበታለሁ። በቅድሚያ ግን አቋሜን ልናገር። የእንስሳት ተረት ኅትመት መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው አንድ ዝነኛ መጽሐፍ ከሚያሳድድ አንድ ተረት ይምረጥ ባይ ነኝ። አንድ ብቻ። ከዚያ ያንን ተረት በየዘመኑ የሣሉትን ሰዎች ይከተል። ዝነኛውን መጽሐፍ ገንዘብ ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት ገዝቶት ይገባል። አንድን ተረት በብዙ እጆች ውስጥ መከታተል ግን ዓይን ይጠይቃል። ደስታውም እዚያ ላይ ነው።

እኔ የመረጥኩት ፌንጣዋንና ጉንዳኗን ነው። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፌንጣዋ ሙቀቱን ሁሉ ስትዘፍን ትከርማለች። ብርዱ ሲገባ ቤቷ ባዶ ነው። ጎረቤቷ ጉንዳን ዘንድ ሄዳ እህል አበድሪኝ ትላለች። ጉንዳኗም በሙቀቱ ምን ትሠሪ እንደነበር ንገሪኝ ትላታለች። ስዘፍን ነበር። እንግዲያው አሁን ደግሞ ጨፍሪ። አለቀ።

ተረቱ ከጥንታዊው ግሪካዊ ተረት ነጋሪ ከኤሶጵ የመጣ ነው። ፈረንሳዮቹ ግን በልባቸው የያዙት ዣን ደ ላ ፎንቴን በግጥም የጻፈውን ነው። እዚህ ሀገር ልጅ ያሳደጋችሁ ሰዎች ልጆቻችሁ በቃላቸው ሲወጡት ሰምታችኋል። መምህሩ ደብተር ላይ ሥዕልም አስለጥፎበት ይሆናል። ላ ፎንቴን የመጀመሪያውን ስብስቡን ያሳተመው መጋቢት 1668 ነው። መታሰቢያነቱን የሰጠው ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ልጅ ነበር። ልዑሉ ያኔ ገና የ6 ዓመት ሕፃን ነው። መጽሐፉ የሚከፈተውም በዚሁ በፌንጣዋ ተረት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ላ ፎንቴን የጻፈው በደቡብ ፈረንሳይ ሙቀት ዛፍ ላይ ተለጥፋ ቀኑን ሙሉ ስለምትጮኸው ነፍሳት ነው። የፓሪስ ሠዓሊ እሷን ከየት ያውቃታል? ስለዚህ ብዙዎቹ ሜዳ ላይ ያዩትን ፌንጣ ሣሉ። እኔም ፌንጣ ብዬ እቀጥላለሁ።

እስቲ ከ1668ቱ እንጀምር። ሠዓሊው ፍራንስዋ ሾቮ ይባላል። ሥዕሎቹ ከመዳፍ ያንሳሉ፣ እያንዳንዳቸው ከተረቱ በላይ ተቀምጠዋል። ሾቮ ነፍሳቱን ከፊት አስቀመጣቸው። ከኋላቸው ግን ሰዎች እሳት ከበው ሲሞቁ ሣለ። ማንም አላዘዘውም፣ ግጥሙ ውስጥ ሰው የሚባል የለም። ሾቮ ግን ተረቱ ስለማን እንደሆነ በዚያች ትንሽ ቦታ ተናገረ። በማጉያ መነጽር ካላያችሁ ያመልጣችኋል። ከያዝኳቸው ሁሉ እኔን ደጋግሞ የሚጠራኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ 1838 ዝለሉ። ይህ ደግሞ ግራንቪል ነው። ትክክለኛ ስሙ ዣን ኢኛስ ኢዚዶር ዤራር ነበር። ግራንቪል ፌንጣዋን ቀሚስ አልብሶ ጊታር አስያዛት። ጉንዳኗም ለብሳለች፣ ደህና ባልትና ያላት የቤት እመቤት መስላለች። መሬቱ በረዶ ነው። ሰውየው እንስሳ ማልበስ ለምን እንደወደደ ካላወቃችሁ ቀልድ ብቻ ይመስላችኋል። ግራንቪል ቀድሞ የፖለቲካ ካርቱን ሠዓሊ ነበር። በ1835 የወጣው የፕሬስ ሕግ በመንግሥት ላይ የሚቀልድ ሥዕል ያለ ቅድመ ፈቃድ እንዳይወጣ ከለከለ። ስለዚህ ወደ መጽሐፍ ሥዕል አዘነበለ። ሹሙን መሣል ካልተቻለ ተኩላውን ካፖርት ማልበስ ይቻላል። ሳንሱር ያየ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ጉስታቭ ዶሬ ነው፤ አሼት የተባለው አሳታሚ በ1867 ያወጣው ትልቅ መጽሐፍ። ዶሬ እዚህ ትልቁ ሥዕል ላይ ነፍሳቱን ጨርሶ አስወጣቸው። ጊታር የያዘች ወጣት ሴት በር ላይ ቆማለች። በሩ ላይ አንዲት እመቤት ሹራብ ትሠራለች፣ ልጆች አሉ። በቃ። እንስሳት የሌሉበት የእንስሳት ተረት። እኔ ዶሬ ብዙ ጊዜ ጨለማ ያበዛብኛል፤ ጫካው ሁሉ የወንበዴ ጫካ ነው። እዚህ ላይ ግን ተረቱን ከላ ፎንቴን ይበልጥ አከረረው ባይ ነኝ። ፌንጣ መመለስ ቀላል ነው። አዝማሪን በብርድ ከደጅ መመለስ ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ሥዕል አይቶ ጉንዳኗን የሚወድ ሰው ገና አልገጠመኝም።

ሦስት ወረቀት፣ አንድ ተረት፣ 200 ዓመት። የአንዱን መጽሐፍ ሁለት መቶ ሥዕል ብሰበስብ ኖሮ ይህን አላገኝም ነበር።

ከኋላ የተቀመጡት ወንድማችን «ላ ፎንቴን ራሱ ከየት አመጣቸው?» ብለው ጠይቀዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ስብስብ በአብዛኛው ከኤሶጵና ከሮማዊው ፌድሩስ ነው። በ1678 ባወጣው ሁለተኛው ስብስብ ግን ብዙውን ከሕንዳዊው ጠቢብ ከፒልፓይ እንዳገኘ ራሱ ተናግሯል። ይህ ፓንቻታንትራ የተባለው ጥንታዊ የሕንድ ተረት ስብስብ ዘር ነው፤ ወደ ፋርስ ሄዶ፣ በ8ኛው መቶ ዘመን ኢብን አል ሙቀፋዕ በዐረብኛ «ከሊላ ወዲምና» ብሎት፣ እየተቀባበለ አውሮፓ የደረሰ። ተረት ፓስፖርት አይጠየቅም።

ሥዕሎቹም እንደዚያው ተጉዘዋል። በጀርመን ኡልም ከተማ ዮሐን ዛይነር በ1476 ገደማ ኤሶጵን በእንጨት ቅርጽ ሥዕል አትሞ አወጣ። እነዚያ ሥዕሎች ለብዙ አሥርት ዓመታት በየሀገሩ ተገለበጡ። እንግሊዛዊው ዊልያም ካክስተን በ1484 ባሳተመው ኤሶጵ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች የነዚሁ ዘሮች ናቸው። ብሩዥ ውስጥ ደግሞ ማርከስ ጌራርትስ በ1567 አንድ የተረት መጽሐፍ በመዳብ ቅርጽ ሠራ። እንስሳቱ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ ይበልጥ ሕይወት ነበራቸው። በዓመቱ በሃይማኖት ስደት ወደ ለንደን ሸሸ፤ ሥዕሎቹ ግን ከሱ የራቀ ቦታ ደረሱ። በኋላ የመጡ ሠዓሊዎች አቀማመጡን እንዳለ ወሰዱት። ስለዚህ ሁለት ኅትመት ስታዩ አንበሳው በተመሳሳይ እግር ቆሞ ካገኛችሁት አትገረሙ። ኮፒራይት የሚባል ነገር ገና አልተወለደም።

ለንደን ካነሳን ፍራንሲስ ባርሎውን ልጥቀስ። እንስሳትን በጣም የሚያውቅ ሠዓሊ ነበር። ኤሶጵን በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በላቲን አድርጎ በ1666 አወጣው። በዚያው ዓመት መስከረም ለንደን ተቃጠለች። ከመጽሐፉ ብዙው ቅጂ አመድ ሆነ። ዛሬ የ1666ቱ ቅጂ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ1687 እንደገና ሲታተም ከየሥዕሉ ሥር ያሉትን አጫጭር ግጥሞች አፍራ ቤን ጻፈችላቸው። በብዕሯ ከኖሩት የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ሴቶች አንዷ ናት። ሻጭ «ባርሎው አለኝ» ካላችሁ የትኛው ዓመት እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ወደ ትልቁ ልምጣ። ኡድሪ። የፈረንሳይ ሰብሳቢ ይህን ስም ሲሰማ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዣን ባፕቲስት ኡድሪ የሉዊ 15ኛን የአደን ውሾች የሚሥል ሠዓሊ ነበር። በ1749 ክላራ የተባለችውን፣ አውሮፓን እየዞረች በትኬት የምትታየውን አውራሪስ በሙሉ ቁመቷ የሣለው እሱ ነው። ከ1729 እስከ 1734 የላ ፎንቴንን ተረቶች በሰማያዊ ወረቀት ላይ በብሩሽ ሣለ። ቁጥራቸው 276 ነው። ጥቁር ቀለም፣ ላዩ ላይ ነጭ። ውብ ናቸው። ችግሩ በብሩሽ የተሠራ ጥላ ለመዳብ ቀራጭ አይመችም። ቀራጩ የሚፈልገው መስመር ነው። ስለዚህ ሻርል ኒኮላ ኮሻን የተባለው ባለሙያ ሥዕሎቹን ወደ መስመር ቀየራቸው፣ ሰዎቹንም አስተካከለ። ከዚያ በርካታ ቀራጮች ተከፋፈሏቸው። መጽሐፉ በአራት ትልልቅ ቅጾች ከ1755 እስከ 1759 ወጣ። ኡድሪ በ1755 ሞተ። ሲጠናቀቅ አላየውም።

የኡድሪ እንስሳ ልብስ አይለብስም። ቀበሮው ቀበሮ ነው፣ ውሻው ውሻ ነው። ከኋላቸው የፈረንሳይ ገጠር፣ የንጉሥ የአትክልት ቦታ፣ ድንጋይ በር። ከግራንቪል ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ሁለት የተለያዩ ሃይማኖቶች ይመስላሉ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚገልጡት አንድ ገጽ አለ። ሦስተኛው ቅጽ ላይ የዝንጀሮውና የነብሩ ተረት ነው። ሁለቱም ገበያ ላይ ድንኳን ተክለው ሕዝብ ይጠራሉ። ነብሩ በቆዳው ይኮራል፣ ዝንጀሮው በጨዋታው። ከነብሩ ድንኳን የተሰቀለ ጨርቅ አለ። ቀድመው በታተሙት ቅጂዎች ላይ ጨርቁ ባዶ ነው። በኋላ አንድ ሰው ልብ አለና መዳቡ ላይ «ነብር» ብሎ በፈረንሳይኛ ቀረጸበት። ስለዚህ ጽሑፍ የሌለበት ገጽ ቀድሞ የታተመ ነው፣ ዋጋውም ይለያል። ጽሑፍ ሲጎድል ዋጋ የሚጨምርበት ገበያ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ወረቀቱ ዋና ነው ወይስ ፎቶ ኮፒ? ይህን ካላወቃችሁ መሰብሰብ አይቻልምና ጥቂት ልቆይበት።

የመዳብ ኅትመት የሚሠራው መዳብ ተቆፍሮ ወይም በአሲድ ተበልቶ ነው። ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በሁለት ከባድ ሲሊንደሮች መሀል ያልፋል። የመዳቡ ጠርዝ ወረቀቱ ላይ የሥዕሉን ዙሪያ የሚከብ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። ጣታችሁን ብታሳልፉበት ይሰማችኋል። መስመሩም ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ይላል። የእንጨት ቅርጽ ግን ተቃራኒው ነው። የማይፈለገው ተፍቆ ይወጣል፣ ቀለም የሚቀበለው ከፍ ብሎ የቀረው ነው። እንደ ማተሚያው ፊደል ከፍ ያለ ስለሆነ ከጽሑፉ ጋር በአንድ ማተሚያ አብሮ ይታተማል።

ይህ ልዩነት የሙያ ወሬ ብቻ አይደለም። የሾቮ ሥዕሎች መዳብ ናቸው፣ ከጽሑፍ ጋር አንድ ገጽ ላይ ናቸው። ስለዚህ ያ ወረቀት ሁለት ጊዜ ታትሟል፤ አንዴ ለፊደሉ፣ አንዴ ለሥዕሉ፣ በሁለት የተለያዩ ማሽኖች። አንዳንዴ ሥዕሉ ትንሽ ዘመም ብሎ የምታገኙት ለዚህ ነው። ሥራው ውድ ነበር። ሥዕል ያለበት የተረት መጽሐፍ የሀብታም ቤት ዕቃ ሆኖ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ካቃለሉት ሰዎች ዋናው ቶማስ ቢዊክ ነው። የሰሜን እንግሊዝ ሰው፣ ኒውካስል የኖረ። እንጨቱን በርዝመቱ ሳይሆን በተቆረጠበት ግንባር በኩል፣ ክቡ ላይ ቀረጸ። ያ ክፍል እጅግ ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው። በቢላ ፈንታ የመዳብ ቀራጭ የሚጠቀምበትን ሹል ብረት ያዘ። ውጤቱ የመዳብን ያህል ረቂቅ መስመር፣ ግን ከፊደል ጋር አብሮ የሚታተም። ግራንቪልና ዶሬ በመቶ በሚቆጠሩ ገጾች ላይ ሥዕል መዝራት የቻሉት በዚህ መንገድ ነው። ቢዊክ ኤሶጵን በ1818 አሳተመ። ለቀደሙ ገዢዎች ደረሰኝ ይሰጥ ነበር። ደረሰኙ ላይ ምን እንዳለበት ገምቱ። የራሱ የአውራ ጣት አሻራ ተቀርጾበታል! እንዳይጭበረበር ማለቱ ነው፣ ትንሽ ቀልድም አለበት። ደረሰኙ ከነአሻራው ውስጡ የቀረለት መጽሐፍ ካያችሁ ደውሉልኝ።

ዶሬ ላይ አንድ ነገር ታያላችሁ። ሥዕሉ ሥር ሁለት ስም አለ። አንዱ የዶሬ ነው። ሌላው እንጨቱን የቀረጸው ባለሙያ ነው፤ ለምሳሌ ፓንማከር ወይም ፒዛን። ዶሬ ሣለ፣ እነሱ ቀረጹ። ዝናው ግን ለአንዱ ብቻ ደረሰ።

ከዚያ ማጉያ መነጽር። ርካሽ ነው፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። ሥዕሉን ስታዩ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከሞሉት፣ በፎቶ የተባዛ ነው። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የመጣ ዘዴ ነው። ወረቀቱንም ወደ ብርሃን አንሱ። ከ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በፊት የተሠራ የአውሮፓ ወረቀት በወንፊት ሽቦ የታተሙ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል፤ አንዳንዴም የፋብሪካው የውኃ ምልክት። ለስላሳና መስመር አልባ ወረቀት በእንግሊዝ የመጣው በ1750ዎቹ ነው። ስለዚህ መስመር በሌለው ወረቀት ላይ «የ1668 ሾቮ ነው» የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ሂዱ።

ቀለምም አለ። ሾቮም ሆነ ኡድሪ በጥቁር ነው የታተሙት። ኡድሪን ያኔውኑ በእጅ ያስቀቡ ጥቂት ባለጸጎች ነበሩ። ዛሬ ገበያ ላይ በቀለም ያሸበረቀ ነጠላ ገጽ ካያችሁ ግን ብዙ ጊዜ በቅርብ የተቀባ ነው፤ ለሳሎን ግድግዳ እንዲያምር። ሰማያዊው በጣም ደማቅ ከሆነ ጠርጥሩ።

ለምን ወረቀት እንደምወድ የሚያስረዳልኝ አንድ ታሪክ አለ፤ የፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ ቬርሳይ።

ዛሬ ቬርሳይ ብትሄዱ የንግሥቲቱ ቁጥቋጦ የሚባል የአትክልት ቦታ አለ። ደህና ቦታ ነው፣ ጥላ አለው። ቀድሞ ግን እዚያ የጠመዝማዛ መንገድ ነበር። በተረት ጸሐፊው በሻርል ፔሮ ሐሳብ በ1670ዎቹ ውስጥ 39 ፏፏቴዎች ተሠሩ። እያንዳንዱ አንድ የኤሶጵ ተረት ነው። እንስሳቱ ከእርሳስ ተቀርጸው እንደ ተፈጥሯቸው ቀለም ተቀብተዋል። ቁጥራቸው 333 ነበር። ውኃው ከአፋቸው ይወጣል፣ ያም ንግግራቸው ነው። ቀበሮው ሲያታልል፣ ተኩላው ሲቆጣ፣ በውኃ ይነጋገራሉ። በየፏፏቴው ገጣሚው ቤንሰራድ የጻፈው አራት መስመር ግጥም ነበር። መግቢያው ላይ የኤሶጵና የፍቅር አምላክ ሐውልት ቆመዋል። ያው የሉዊ 14ኛ ልጅ፣ ልዑሉ፣ እየተጫወተ ማንበብ ይማርበታል ተብሎ ነበር። የትምህርት ሚኒስቴር በጀት እንዲህ ሲሆን ነው እንጂ!

ውኃውን ማቆየት ውድ ሆነ። እርሳሱም አረጀ። በ1775 ገደማ አፈረሱት። ከ333ቱ የተረፉት ጥቂት ቅሪቶች ናቸው። ሙሉውን ዛሬ የምናውቀው ሴባስቲያን ለክሌር በመዳብ ቀርጾ በ1677 በንጉሡ ማተሚያ ቤት በታተመው መጽሐፍ ነው። ድንጋዩ ሄደ፣ እርሳሱ ሄደ፣ ውኃው ሄደ። ወረቀቱ አለ። ለክሌር ውኃውን እንዴት እንደቀረጸው ጠረጴዛው ላይ ተመልከቱ፤ ያቺ ሁለተኛዋ። ቀጥ ያሉ መስመሮች ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ብቻ ይበተናሉ።

አሁን ወደማይጥመው ጉዳይ ልግባ። ገበያ ላይ የምታዩት ነጠላ ኅትመት አብዛኛው ከመጽሐፍ የተቆረጠ ነው። አንድ ነጋዴ የዶሬን መጽሐፍ ይገዛል። በሙሉ ቢሸጠው ትንሽ ያተርፋል። በምላጭ ገጽ በገጽ ቢሸጠው ብዙ ያተርፋል። ሂሳቡ ይኸው ነው። ሕገ ወጥ አይደለም። ብዙ ጨዋ ነጋዴዎችም ያደርጉታል።

እኛ ግን ይህን ነገር በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። ሥዕል ያለበት የብራና ገጽ ለብቻው ተገንጥሎ፣ በፍሬም ገብቶ፣ ለቱሪስት ሲሸጥ አይተናል። በኢንተርኔት ጨረታ ላይም እናያለን። መልአኩ አንድ ሀገር፣ ጽሑፉ ሌላ ሀገር። ያንን አይቶ የሚናደድ ሰው የላ ፎንቴንን መጽሐፍ በምላጭ ሲቆርጡት ዝም ሊል አይገባም። ብራናው በዓለም አንድ ነው፣ የታተመው ብዙ ቅጂ አለው፣ ልክ ነው። ቅጂው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተቆረጠ ገጽ አልገዛም። ይታወቃል። የውስጥ ጠርዙ ነጭና ስል ነው፣ ሻጩም የዚያን መጽሐፍ ገጾች በተርታ ደርድሯል። ከመቶ ዓመት በፊት የተቆረጠና ጠርዙ የጠቆረ ከሆነ እገዛለሁ፤ ያ መጽሐፍ ላይመለስ ሄዷል። ከዚያ በላይ ግን የምወደው የተጎዳ መጽሐፍ ነው። ጀርባው የተላቀቀ፣ የመጀመሪያ ገጹ የጠፋ፣ ሕፃን እርሳስ የሞነጫጨረበት። ሀብታም ሰብሳቢ አይነካውም። ዋጋው አንዳንዴ ከሁለት ነጠላ ገጽ አይበልጥም። የሕፃኑን ጭረት ጭምር እወደዋለሁ፤ ያ ልጅ ከ1850 ወዲህ አርጅቶ ሞቷል፣ በግ ላይ የጨመረበት ጺም ግን አለ።

ነጠላ ወረቀት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ በነጠላ የታተመ ግዙ። በምሥራቅ ፈረንሳይ ኤፒናል የምትባል ከተማ አለች። የፔለራን ቤተሰብ ከ1796 ጀምሮ እዚያ ርካሽ ሥዕል ያትም ነበር። ሻጮች በጀርባቸው ተሸክመው በየገጠሩ ያዞሩታል። ቅዱሳን፣ ናፖሊዮን፣ ወታደር፣ ተረት። ቀለሙ በተቆረጠ ካርቶን ወንፊት እየተቀባ ነው፣ ስለዚህ ከመስመሩ ያልፋል። የፌንጣዋም ልብስ ቀይነት ወደ በረዶው ይፈሳል። ድሀ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስለነበር ብዙው ጠፍቷል። አዋቂ ነን የሚሉት ይንቁታል። ተዋቸው።

ከዚያም ትንንሾቹ ባለቀለም ካርዶች አሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የፓሪስ ትልልቅ ሱቆችና የቸኮላት ፋብሪካዎች ለደንበኛ ልጆች በነጻ ይሰጡ ነበር። ላ ፎንቴን ከሚወደዱት ርዕሶች አንዱ ነው። ዛሬም በሳንቲም ይገኛሉ። ለልጆቻችሁ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ቤንጃመን ራቢዬንም ለልጆች አሳዩአቸው። በ1906 የላ ፎንቴንን ተረቶች ሙሉ በሙሉ ሣለ፣ እንስሳቱ ይስቃሉ። ሳቋን ታውቁታላችሁ። በፍሪጃችሁ ያለችው፣ በክብ ካርቶን የምትሸጠው አይብ ላይ ያለችው ቀይ ላም ዘሯ ከራቢዬ እጅ ነው።

አያያዝ ላይ አጭር ልሁን። ፕላስተር አትለጥፉ። ላሚኔት አታስደርጉ፤ ይህን የሰማሁት በዚህ አዳራሽ ካለ ሰው ነው፣ ስም አልጠራም። ወረቀቱን አሲድ በሌለው ካርቶን መሀል አድርጉት። መያዣው የጃፓን ስስ ወረቀትና የስንዴ ስታርች ሙጫ ይሁን፣ በውኃ ይላቀቃልና። መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት። ሙዚየሞች ለወረቀት 50 ሉክስ ብርሃን ብቻ ይፈቅዳሉ፤ ሳሎናችሁ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ለጥቂት ወር ሰቅላችሁ አውርዱት፣ ሌላ ስቀሉ። ወጥ ቤት አጠገብ በፍጹም። ቡናማ ነጠብጣብ ካለበት አትጠቡት፤ ለባለሙያ ስጡት ወይም አብራችሁት ኑሩ። እኔ አብሬው እኖራለሁ።

ዋጋ። ቃሌን ልጠብቅ። ሙሉው ኡድሪ፣ አራቱም ቅጽ በጥሩ ቆዳ ተጠርዞ፣ የመኪና ዋጋ ያወጣል። ደህና መኪና። ነጠላ የግራንቪል ገጽ የምሳ ዋጋ ነው። የዶሬ ገጽም እንዲሁ፤ መጽሐፉ በብዛት ስለታተመና ለንደን ውስጥም በእንግሊዝኛ ስለወጣ ብርቅ አይደለም። ሾቮ በመሀል ነው፣ ግን የ1668ቱንና በኋላ በሌሎች እጅ የተገለበጡትን መለየት ይጠይቃል። ኤፒናል እንደ ንጽሕናው ነው። ለኢንቨስትመንት ብላችሁ ከሆነ የመጣችሁት፣ ይቅርታ፣ ሌላ አዳራሽ ተሳስታችሁ ገብታችኋል።

አንዲት እህት «የት እንጀምር?» ብላኛለች። ላ ፎንቴን የተወለደበት ቤት ሻቶ ቲየሪ ውስጥ ሙዚየም ነው፣ ከፓሪስ በባቡር ይደረሳል። እዚያ በ1830ዎቹ ኢማም ባክሽ የተባለ የላሆር ሠዓሊ የሣላቸው የላ ፎንቴን ተረቶች አሉ፤ ኅትመት አይደሉም፣ በእጅ የተሣሉ ናቸው። የሕንድ ተረት ፈረንሳይ ሄዶ ተመልሶ በሕንድ ብሩሽ። መጀመሪያ ያንን እዩ። ለመግዛት ግን ፓሪስ 15ኛው ቀበሌ ያለው የዦርዥ ብራሳንስ መናፈሻ ይሻላል። ቅዳሜና እሑድ የቆየ መጽሐፍ ይሸጥበታል። ጣሪያው ሥር ድሮ ፈረስ ለዕርድ ይሸጥ ነበር፤ ስለ እንስሳት መጽሐፍ ለመግዛት እንግዳ ቦታ ነው። ማጉያችሁን ያዙ፣ አንድ ተረት መርጣችሁ ሂዱ፣ ለሻጩም የተረቱን ስም ብቻ ንገሩት። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሳጥን ያወጣላችኋል። ዋጋ ለመከራከር ደግሞ እሑድ ወደ ማታ ሂዱ። ያን ሰዓት ሻጮቹ ዕቃ እየሰበሰቡ ነው፣ ትልቅ መጽሐፍ ተሸክሞ ወደ መኪና መመለስ የሚወድ የለም።